ብረታችን ላይ ያተምኩት ስም

መጋቢት 3፣ ማክሰኞ

ዝናብ ዛሬም የለም። አቧራ ብቻ። ቀኑን ሙሉ ለአንድ ትምህርት ቤት የውሃ ኮዳ ላይ ስም ሳትም ዋልኩ። የሚያሰንፍ ሥራ ነው... ልጆቹ ኮዳውን በወሩ ይጥሉታል፣ ቀለሙ ቢላጥ ማን ይጠይቀኛል? ጎረቤቴ በያጁ ደግሞ ሬዲዮውን ከመበየጃው በላይ ከፍቶ ጆሮዬን በላው። ሁለቴ ጮህኩበት። ሁለቴም "እሺ እመቤቴ" ብሎ ጨመረው።

ማታ የቡድናችን ጂም። የእግር ቀን ነበር፣ ደረጃ መውጣት አቅቶኛል። ንዴግዋ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ፊቱ ሎተሪ የወጣለት ሰው ፊት ነበር።

"ሲዮ፣ ስፖንሰር አገኘሁ።"

"ለሁለተኛ ሠርግህ?"

"ለጂሙ ነው አንቺ! ኬልቦ ፊትነስ። ትልቅ ድርጅት ነው። አዲስ ምንጣፍ፣ መስታወት፣ የውሃ ታንከር... እነሱ የሚፈልጉት ዓርማቸው ብረታችን ላይ እንዲታተም ብቻ ነው።"

"ብቻ?"

"ብቻ። ግን በላብ የማይለቅ፣ በበረኪና የማይለቅ። ማን እንደሚያትመውም ነግሬያቸዋለሁ።"

ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ። ይሄ ሰው ከእኔ ጋር ሦስት ዓመት ሙሉ የሰፈራችንን የካሪዮባንጊን ቆሻሻ በጋሪ ገፍቷል። እኔ ከፊት እየጎተትኩ፣ እሱ ከኋላ እየገፋ። አንድ ሆቴል ሲዘጋ የጂሙን ብረት የገዛነው በዚያ የቆሻሻ ገንዘብ ነው፣ ሌሎቹም የቡድኑ ልጆች እንደዚሁ። ሰው ስናልፍ አፍንጫውን ሲይዝ ንዴግዋ "ይሄ የብረት ሽታ ነው፣ ገና አልገባችሁም" ይል ነበር። የቡድናችን ሊቀመንበር ያደረግነውም ለዚህ ነው። ተስፋ ሲቆርጥ አይቼው አላውቅም።

ኬልቦ... ምን ዓይነት ስም ነው? የሳሙና ይመስላል።

መጋቢት 7፣ ቅዳሜ

ጠዋት የቆሻሻ ዙር። ከሰዓት ስብሰባ፣ እዚያው ጂም ውስጥ፣ ሁሉም ያገኘው ቤንች ላይ ተቀምጦ። ማማ አዊኖ አሳ መጥበሷን ትታ መጣች፣ እጇ ዱቄት በዱቄት። ገንዘብ ያዣችን እሷ ናት። በሕይወቷ አንድ ብረት አንስታ አታውቅም፣ የምታነሳው እኛን ነው።

"በነጻ የሚሰጥ ማነው?" አለች። "በነጻ የሰጠችኝ እናቴ ብቻ ናት፣ እሷም እስክትሞት ድረስ ስትቆጥርብኝ ኖራለች።"

ተሳቀ። ንዴግዋም ሳቀ። "ማማ፣ በነጻ አይደለም። ማስታወቂያ ነው። እዚህ የሚገባ ሁሉ ስማቸውን ያያል።"

"ወረቀት አለው?"

"ይመጣል።"

ባራሳ ተነሳ። ያ ግዙፍ፣ ጋሪው ጭቃ ሲይዘው ብቻውን የሚያወጣው። ያለውን ቃል በቃል ልጻፈው፣ ደስ ስላለኝ፦ "ሲዮምቡዋ የምታትመው ከሆነ እኔ እሺ ብያለሁ። እሷ እጇን የምታስገባበት ነገር ተንኮል የለበትም።" እጅ ተነሳ። አለቀ።

ማማ አዊኖ ስትወጣ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። "ልጄ፣ ወረቀቱን ጠይቂ።"

እሺ አልኳት። ንዴግዋን ወረቀት ልጠይቀው?! ሰው ወንድሙን ወረቀት ይጠይቃል?

መጋቢት 12፣ ሐሙስ

ጎማው አስቸገረኝ። በብረቱ ጫፍ የሚሰካው የክብደት ጎማ ዘይት ይተፋል፣ ዛሬ ብትጠርጊው ነገ ያልበዋል። ቀለም ከላዩ ይቀመጣል እንጂ አይነክሰውም። አጠብኩ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩ፣ በቲነር ጠረግኩ፣ ሙቅ አየር ነፋሁበት፣ ደግሞ ጠረግኩ። ቀለሙን ከማጠንከሪያው ጋር ቀላቀልኩ። ማጠንከሪያው በዝቶብኝ ኩባያው ውስጥ ድንጋይ ሆነ። እንደገና። አሁንም ድንጋይ። በስንት ስድብ በመጨረሻ ያዘልኝ።

ፈተናው ደግሞ... ሳቄ መጣ። ላብ ያስፈልጋል። ጨውና ሎሚ በጥብጠው የሚሞክሩ አሉ። እኔ ምን አስቸገረኝ? ባራሳን ከስፖርት በኋላ ፎጣህን ስጠኝ አልኩት።

"ምን ልታደርጊው?"

"መድኃኒት ልቀምምበት።"

ጨምቄ ቀለሙ ላይ አሳደርኩት። ጠዋት ሱቁ እንዴት እንደሸተተ አልጽፍም። ቀለሙ ግን ንቅንቅ አላለም! በምላጭ እንደ መረብ ሸነታተርኩት፣ ፕላስተር ለጥፌ መንጭቄ አነሳሁት፣ ፕላስተሩ ባዶውን መጣ። በበረኪናም አሸሁት። ወይ ፍንክች።

የቤንቹ መቀመጫ ይቀረኛል። የቆዳው ልባስ ሲቀመጡበት ይለጠጣል፣ ደረቅ ቀለም ይሰነጠቃል። ለእሱ ለስላሳውን፣ ያውም ከጎን በኩል፣ ቂጥ የማይደርስበት ቦታ።

መጋቢት 13

ትከሻዬ አልቋል። ንዴግዋ ሻይና ማንዳዚ፣ ያን ጣፋጭ ጥብስ ዳቦ፣ ይዞልኝ መጣ፣ አልተቀመጠም። "በርቺ" ብሎ ሄደ።

መጋቢት 20፣ ዓርብ

አለቀ! የቤንቾቹን የብረት እግሮች በበያጁ የቀለም ምድጃ ውስጥ ጋገርናቸው፣ ከዓርማው በላይ እንደ ብርጭቆ የሚያበራ ሽፋን ደረብኩበት። ሁሉንም ቦታ ቦታው መልሰን መብራት ስናበራ... ቆንጆ ነበር። የራሴ ሥራ ስለሆነ አይደለም። እሺ፣ ስለሆነም ነው።

ንዴግዋ አንድ በአንድ በጥፍሩ እየፋቀ አየ፣ ቲማቲም እንደምትመርጥ ሴት።

"ማንም አያነሳውም?"

"ጎማውን አብሮ ካላነሳ።"

"ሊፍቁት ቢሞክሩስ?"

"ማነው የሚፍቀው? ለምን ብሎ?"

"እንዲያው ነው..." ብሎ አቀፈኝ፣ ላቤን ሳይጸየፍ። "ሲዮ፣ ያለ አንቺ አይሆንም ነበር።"

የቀለሙን ዋጋ ሰጠኝ። ለድካሜ ቢለኝ እምቢ አልኩ። የራሴን ጂም ነው ያስጌጥኩት።

ሚያዝያ 2፣ ረቡዕ

የጭነት መኪና መጣ። ምንጣፉ እስኪነጠፍ ክፍሉ ባዶ መሆን አለበት፣ እስከዚያ ብረቱ ስፖንሰሩ መጋዘን ይቆያል፣ የተበጣጠሱትንም የማሽን ገመዶች ይቀይሩልናል አለ ንዴግዋ። ያስኬዳል።

ሁላችንም ጫንን። እኔ ትልልቆቹን ጎማዎች በጨርቅ ጠቀለልኩ፣ መንገድ ላይ እርስ በርስ ሲጋጩ ዓርማው እንዳይጫር። ሾፌሩ "እንቁላል ነው እንዴ?" አለኝ።

"ከእንቁላል ይበልጣል፣ ቀስ ብለህ ንዳ።"

መኪናው ሲነሳ ዝናቡ ጀመረ። ሸራ አልብሱት እያልኩ እስከ አስፋልቱ ድረስ ከኋላው ሮጥኩ።

ሚያዝያ 14፣ ሰኞ

ምንጣፍ የለም። ብረት የለም። ንዴግዋ ስልክ አያነሳም፣ አንዴ ብቻ "ስብሰባ ላይ ነኝ" ብሎ ጻፈልኝ። ንዴግዋ? ስብሰባ? ቤቱ ሄድኩ፣ ሚስቱ ከበሩ ሳትወጣ "ሥራ ላይ ነው" አለችኝ። የምን ሥራ?

ባዶው ክፍል ውስጥ ባራሳ የግንብ ድንጋይ ያነሳል። ማማ አዊኖ አሳዋን እየገለበጠች ታየኛለች፣ ምንም አትለኝም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ሚያዝያ 18፣ ዓርብ

የሰፈራችን የሞተር ታክሲ ነጂ ነው የነገረኝ። "ጂማችሁን አዛወራችሁት እንዴ? ዋናው መንገድ ላይ፣ ከባንኩ በላይ፣ ብረታችሁን አየሁት።" ሞተሩ ላይ ወጣሁ።

ሁለተኛ ፎቅ። መስታወት፣ ሙዚቃ፣ የሎሚ ሽታ። የእኛ ብረት ተደርድሮ። የማላውቃቸው ሰዎች ተኝተውበት ይገፋሉ። ዓርማው እንዴት ያበራል! መጀመሪያ ያሰብኩት እሱን ነው፣ እግዜር ይይልኝ፤ "አልተጫረም" ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ ነው የገባኝ።

ንዴግዋ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል። የኬልቦ ካናቴራ ለብሶ። ሲያየኝ ተነሳ፣ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

"ሲዮ... ልደውልልሽ ነበር።"

"ብረታችን እዚህ ምን ይሠራል?"

"ቀስ በይ፣ ደንበኛ አለ።"

"ምን ይሠራል አልኩህ!"

"ተሽጧል" አለ። እንዲህ፣ ልክ ዳቦ እንዳለቀበት ባለሱቅ። "ገዙኝ። ሥራም ሰጥተውኛል። ቁጭ በይና ላስረዳሽ።"

እንዴት ከፎቁ እንደወረድኩ አላውቅም። በዝናብ በእግሬ ተመለስኩ። መንገድ ላይ አላለቀስኩም። ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ስፈታ ነው ያለቀስኩት፣ እንደ ሕፃን፣ ንፍጤ እየወረደ።

ሚያዝያ 20፣ እሑድ

ቡድኑን ሰብስቤ ነገርኳቸው። ከዚያ ባራሳ፦

"አንቺ አታውቂም ነበር?"

"አላውቅም።"

"ስማቸውን በእጅሽ እያተምሽ? ጎማውን በጨርቅ እየጠቀለልሽ? ለማን ነበር የምትጠቀልዪው?"

"ለእኛ ነዋ!"

"ስንት ሰጠሽ?"

"እጇን የምታስገባበት ነገር ተንኮል የለበትም" ያለው አፍ ነው እንዲህ የጠየቀኝ። ስለ ቀለሙ ዋጋ ነገርኳቸው። ምን አለ አፌን በዘጋሁት ኖሮ! "ይኸው!" አለ አንዱ ከኋላ። "አሁን ጉቦ ቀለም ይባላል እንዴ?" አለ ሌላው። ሁሉም ባንዴ ጮኹ። ጉንጬ እሳት ሆነ፣ ጥፋት እንዳለበት ሰው መንተባተብ ጀመርኩ። ለምንድነው ያላጠፋ ሰው የሚንተባተበው?

ማማ አዊኖ ብቻ አልጮኸችም። "ወረቀቱን ጠይቂ ብዬሽ ነበር፣ ልጄ" ብላ ሻርፗን አጣፍታ ወጣች።

ንዴግዋ ብረቱን ሲሸጥ እኔን ምርቃት አድርጎ ጨምሮኛል።

ሚያዝያ 24፣ ሐሙስ

የሰፈሩ ሹም ቢሮ። ሁላችንም ሄድን፣ እነሱ በአንድ ማታቱ ሚኒባስ፣ እኔ በሌላ። የኬልቦ ባለቤትም መጥቷል፣ ሙጋምቢ ይባላል፣ ጃንጥላ የያዘ፣ ሰው አክባሪ። ንዴግዋ ከጎኑ። አንድም ጊዜ ቀና ብሎ አላየኝም።

ሙጋምቢ አጭር ተናገረ። "ቁልፍ ከያዘ ሊቀመንበር ገዛሁ። ዕቃው ስሜ ታትሞበት ነው የደረሰኝ። ከእነዚህ ሰዎች ጋር ጠብ የለኝም።"

ሹሙ ወደ እኛ ዞሩ። "ብረቱ ላይ የማን ስም ነው ያለው?"

"የኬልቦ።"

"ማን አተመው?"

ክፍሉ ውስጥ ያለ አንገት ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። "እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።"

"ተገደሽ?"

"አልተገደድኩም፣ ግን..."

ግኔን አልጠበቁልኝም። የድሮውን የበር ምልክት ነገር አነሱብኝ። እኛ ቆሻሻ የምናነሳባቸው ቤቶች በር ላይ ቢጫ ምልክት እንቀባለን፤ ምልክት ያለበት በር የቀቢው ቡድን ነው፣ ሌላ አይነካውም። ይሄን በሰፈራችን የማያውቅ የለም። ከሁለት ዓመት በፊት የወንዝ ማዶ ልጆች "እነዚህን ቤቶች ከድሮ ጀምሮ የምናነሳው እኛ ነን" ብለው ሲመጡ፣ እዚሁ ቢሮ ቆሜ "ድሮን ተዉት! በሩን እዩት! ምልክቱ የማን ነው?" ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ። ሹሙም ፈረዱልን። ማዶዎቹ እያለቀሱ ነበር የሄዱት። እውነታቸውን እንደነበር እኮ ውስጤ ያውቅ ነበር።

"ያኔ ምን አልሽኝ፣ ሲዮምቡዋ?" አሉኝ። "ምልክቱ ያለበት የባለ ምልክቱ ነው አላልሽም? ለእናንተ ሲሆን ሕግ፣ በእናንተ ላይ ሲሆን ግፍ?"

ብያለሁ፣ አልኳቸው።

ያኔ ንዴግዋ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ "በርቺ፣ በርቺ" ይለኝ ነበር። ከዚያ ነው የተማረው። ከእኔ! ስጮህ ሰምቶ አስቀመጠው፣ ቀን ጠብቆ አወጣው።

ካልተስማማችሁ ፍርድ ቤት ሂዱ ተባልን። በምን ጠበቃ? ጠበቃው ደመወዙን በቆሻሻ ይወስዳል?

ሚያዝያ 25

ሱቅ አልከፈትኩም። በያጁ ቤት ድረስ መጥቶ አንኳኳ፣ "ሬዲዮውን ቀንሻለሁ፣ ነይ" አለኝ። ከፍራሼ አልተነሳሁም።

ግንቦት 6፣ ማክሰኞ

መጣ። ሱቄ ድረስ፣ በእግሩ። ማንጎ ይዞ።

"ባለቤቱ ይፈልግሻል" አለ፣ ደህና ነሽ እንኳ ሳይል። "ሌሎች ሁለት ቅርንጫፎች ይከፍታል። አዲስ ዕቃ በመርከብ እየመጣለት ነው። ሌላ አታሚ ሞክሮ በሳምንቱ ተላጠበት። ያንቺን እጅ ነው የሚፈልገው።"

"አንተ ሰው ነህ?"

"ሲዮ፣ ስሚኝ..."

ሰማሁት፣ ሞኝ ነኝ። ልጅ ሊወለድለት ነው። የሚስቱ ወላጆች በሰው ፊት ቆሻሻ ጎታች ይሉታል። ሠላሳ አምስት ሊሞላው ነው። "ዕድሜ ልኬን ጋሪ ልግፋ? ብረቱን እንሽጠው ብላችሁ ትሰሙኝ ነበር?"

"አንሰማህም ነበር። ስለዚህ ሰረቅከን።"

"ለአንቺም ቦታ አስቤልሽ ነበር እኮ! ይሄው መጣሁልሽ።"

እኔ ማወቅ የፈለግኩት አንድ ነገር ነበር። ሌሊት ሌሊት ሲያብሰለስለኝ የነበረው። "ዓርማ የሚያትም ናይሮቢ ሞልቷል። ለምን እኔን?"

ዓይኑን ኮዳዎቹ ላይ ተክሎ፦ "ሌላ ሰው ቢመጣ ባራሳ ከበር ይመልሰው ነበር። ማማ አዊኖም ወረቀት ሳታይ አታሳልፈውም። አንቺ ስትሆኚ ማንም አይጠይቅም።"

ውጣ አልኩት። አልጮህኩም። ከወጣ በኋላ ነው የቲነሩ ቆርቆሮ ተደፍቶ ቀሚሴን በሙሉ እንዳረሰው ያየሁት።

ቀለሜን የፈለገ መስሎኝ ነበር። እጄ ጎበዝ ስለሆነ... ሰዎቹ ስለሚያምኑኝ ነው! እኔን እንደ ቁልፍ ነው የተጠቀመብኝ። አሁን ያ ቁልፍ የትኛውን በር ይከፍታል?

ማንጎውን ለበያጁ ሰጠሁት።

ግንቦት 8

ሦስት ዓመት ከጋሪው ኋላ ሆኖ ጀርባዬን እያየ ሲሄድ ምን ምን እያሰበ ነበር?

ግንቦት 12፣ ሰኞ

ራሴ ሙጋምቢ ዘንድ ሄድኩ። ሻይ አስመጣልኝ። ስለ ዋጋ ሊያወራ ሲጀምር አቋረጥኩት።

"ገንዘብዎን አልፈልግም። የሁለቱንም ቅርንጫፍ ዓርማ ሠርቼ እጨርሳለሁ። ብረታችንን ይመልሱልኝ።"

ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፣ ያ ነው ያበሸቀኝ። "ይሄንን አሮጌ ብረት? አዲሱ ሲመጣ ለቁራሌው ልሰጠው ነበር እኮ።" ለቁራሌው! እኛ ስንት ክረምት የለፋንበትን።

"እንግዲያው ይጻፉልኝ።"

"ምኑን?"

"ወረቀት።"

ጻፈልኝ፣ ፈረመ። ይሄን ያህል ቀላል ነበር ወረቀት መጠየቅ። አፌን ምን አስሮት ነበር?

ለቡድኑ አልነገርኩም። ብነግራቸውስ ማን ያምነኛል? ብረቱ ራሱ መጥቶ ይመስክርልኝ።

ሰኔ 6፣ ሐሙስ

ንዴግዋ ተቆጣጣሪዬ ነው! ሳቂ በዪኝ እንጂ። ጠዋት ጠዋት ቁልፍ ይከፍትልኛል፣ ሻይ ያመጣልኛል። ሻዩ ቀዝቅዞ ያድራል። ያወራኛል፣ ከግድግዳ ጋር እንደሚያወራ ሰው። ልጁ ተወለደች አለኝ ዛሬ። "እንኳን ማርያም ማረቻት" ልል አፌ ላይ መጣ፣ ዋጥኩት። ሕፃኗ ምን አደረገች? ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ሲያቃጥለኝ ዋለ።

አዲሱ ዕቃ ያምራል። ጎማው ግን እንደኛው ዘይት ይተፋል። አንድ ሐሳብ መጣብኝ... ቅባቱን ሳልጠርግ ባትምስ? ላዩ ሲታይ ያው ነው። በወሩ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል፣ ንዴግዋ ለጌታው መልስ ይስጥ። ጨርቁን አስቀመጥኩ። የማተሚያውን ወንፊት ገጠምኩ። ደግሞ አነሳሁት፣ ጨርቁን መልሼ ያዝኩ፣ ጠረግኩ። እጄ እምቢ አለኝ። እጄም ከዳኝ ማለት ነው።

ሰኔ 15፣ ቅዳሜ

ከኬልቦ በር ስወጣ ባራሳ ጋሪ እየገፋ ሲያልፍ አየኝ። መሬት ላይ እንትፍ አለ። "ደመወዝ ደረሰ?" አለ፣ ሳይቆም።

ብረቱ ሲመጣ ያየዋል። ያየዋል! ግን እንትፍታው ፊቴ ላይ ያረፈ ያህል ነው የተሰማኝ፣ ፊቴን ሁለቴ ታጠብኩ።

ሰኔ 29

የመጨረሻው መቀመጫ ታተመ። ሙጋምቢ በጥፍሩ ፋቀውና "እንዲህ ነው ሥራ" አለ። ንዴግዋ እሱ ያስተማረኝ ይመስል ራሱን ነቀነቀ። ሲያበሳጭ!

ሐምሌ 9፣ ማክሰኞ

ብርድ፣ ጭጋግ። መኪናው በጠዋት የጂማችን በር ላይ ቆመ። እኔ ከሾፌሩ ጎን ነበርኩ። ሸራው ሲገለጥ ማማ አዊኖ "ኧረ ኡኡ!" አለች፣ እጇ ላይ ያለውን አሳ ጭምር ወደ ላይ አነሳችው። ከዚያ ጩኸት፣ ፉጨት፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወጣ። እንዴት እንዳመጣሁት ለሾፌሩ ተውኩለት፣ እሱ ነገራቸው። እኔ ስናገር ድምፄ አያምርም።

ሲያወርዱ ዓርማውን አዩት። ባራሳ ትልቁን ጎማ ጭኑ ላይ አድርጎ ቢላ አወጣ።

"ይሄን ስም አንሺልን።"

"አይነሳም።"

"በምንም?"

"በምንም። እንዳይነሳ አድርጌ ነው የሠራሁት።"

አላመነኝም፣ ፋቀ። ጥቁር ጎማ እየተፈረፈረ መጣ፣ ስሙ ግን ወይ ፍንክች። ላብ በላብ ሆነ። ሌሎቹም ሞከሩ፣ አንዱ ድንጋይ አነሳ። ቆሜ ሳይ የት ልግባ እንዳልኩ... በሥራዬ ያን ያህል አፍሬ አላውቅም።

"ተዉት!" አለች ማማ አዊኖ። "ስም አይከብድም። የሚከብደው ብረቱ ነው። በሉ አስገቡ፣ አሳዬ አረረ።"

ባራሳ ይቅርታ አላለኝም። ሊሄድ ሲል ግን "የቅዳሜን ዙር እኔ እይዝልሻለሁ፣ ተኚ" አለኝ። የባራሳ ይቅርታ እንደዚያ ነው። ገብቶኛል፣ ተቀብያለሁም።

ሐምሌ 20፣ ቅዳሜ

ጂሙ ሞልቷል። የጣሪያው ቆርቆሮ ድሮ እንደነበረው ትንፋሽና ላብ ያንጠባጥባል። ሰዎቹ ይቀልዱብኛል፣ ይሰድቡኛል፣ ተራዬን ይነጥቁኛል፣ ደህና ሆነናል ማለት ነው። አንዱ ዓርማውን "ሳሙናው" ብሎ ስም አውጥቶለታል፣ "ሃያ ኪሎ ሳሙና አቀብለኝ" ይባባላሉ። እኔም ሳቅሁ።

የደረት ቀን ነበር። ቤንች ላይ ተኛሁ። የድሮዬን ክብደት ጫንኩ፣ ብቻዬን የማልደፍረውን። እንዲህ ሲሆን አንድ ሰው ከራስጌሽ ቆሞ እጁን ከብረቱ ሥር ይዘረጋል፤ ቢያቅትሽ ይይዝልሻል፣ ካልያዘልሽ ብረቱ አንገትሽ ላይ ነው። ያ ሰው ሁልጊዜ ንዴግዋ ነበር። ዛሬ ሳልጠራው ባራሳ መጣ።

"ግፊ። አለሁ" አለኝ።

ከሥር ሆኜ እጆቹን አየሁ። ሰፋፊ፣ ጋሪ ያጠነከራቸው። ጥሩ እጆች ናቸው። እንደሚይዘኝ አውቃለሁ። አውቃለሁ እኮ! ብረቱን ጨበጥኩ፣ ትንፋሼን ሳብኩ... ክንዴ አልታዘዝ አለኝ። ልቤ እንደ ሌባ ልብ ይመታል። ለቀቅኩ፣ ደግሞ ጨበጥኩ። ዓይኔን ብጨፍን ይሻለኛል ብዬ ጨፈንኩ፣ ባሰ።

"ምነው?"

"ትከሻዬን አሞኛል።"

"ልቀንስልሽ?"

"አይ፣ ይቅር።"

ተነሳሁለት። ባራሳ የቤንቹን ላብ በጨርቅ ጠረገው፣ ሌላ ሰው ተኛበት፣ "አለሁ" አለው፣ ያኛው ገፋ። በቃ። ለእኔም እስከ መጋቢት ድረስ እንዲሁ ቀላል ነበር።

ጥጉ ጋ ሄድኩና ከዚያ የሚበልጥ ክብደት ጭኜ ከመሬት አነሳሁ። ከመሬት ሲሆን ማንም አያስፈልግሽም። ቢያቅትሽ ትለቂዋለሽ፣ ይወድቃል፣ አለቀ። ደጋግሜ አነሳሁ፣ እጄ እስኪላጥ። ቀና ስል ማማ አዊኖ በር ላይ ቆማ ታየኛለች፣ ፊቷ በደስታ በርቷል።

"አንቺ ልጅ! በረታሽ እኮ!" አለችኝ።

አዎ አልኳት።